የማኑፋክቸሪንግ ምርታማነት ምንድን ነው?

በሸሚዝ እንየው። አንድ የስፌት መስመር ላይ 30 ሰው ይሠራል እንበል። አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ ሌላው እጅጌ ይገጥማል፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ቁልፍ ትተክላለች። በ8 ሰዓት 600 ሸሚዝ ካወጡ፣ ለአንድ ሰው በሰዓት 2.5 ሸሚዝ ይደርሳል። በዓመቱ እነዚሁ ሰዎች በዚያው 8 ሰዓት 900 ካወጡ፣ ምርታማነታቸው በ50 በመቶ አደገ ማለት ነው።

ኦቨርታይም ገብተው 900 ቢያደርሱት ግን ያደገው ምርቱ ነው፣ ምርታማነቱ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይምታታበታል። ሠራተኛን ማስጨነቅም ምርታማነት አይደለም። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ አጠገብ የነበረው፣ የልብስ ፋብሪካዎች ያሉበት ራና ፕላዛ ሕንፃ መሰንጠቁ ከታየ በኋላ ሠራተኞቹ ግቡ ተብለው ገቡ፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2013 ሕንፃው ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። እንዲህ ያለውን ነገር የዕድገት ዋጋ ነው ብሎ ማለፍ ነውር ነው።

ታዲያ እውነተኛው ጭማሪ ከየት ይመጣል? ማሽን ይረዳል፣ ግን ብቻውን ሩቅ አይወስድም። ኢኮኖሚስቱ ፖል ክሩግማን እ.ኤ.አ. በ1994 የሲንጋፖር ፈጣን ዕድገት በአብዛኛው ብዙ ካፒታል (ማሽን፣ ሕንፃና የመሳሰለው) እና ብዙ ሰው ሥራ ላይ በማዋል የመጣ እንጂ ከምርታማነት የመጣ አይደለም ብሎ ትልቅ ክርክር ያስነሳው በዚሁ ጉዳይ ነበር። ለእኔ ዋናው ምንጭ ዕውቀት ነው። ጨርቁ እንዴት ቢቆረጥ ቁርጥራጩ እንደሚያንስ፣ ሥራ የትኛዋ ስፌት ሠራተኛ ፊት እንደሚከመር፣ የተበላሸው ስፌት መጨረሻ ላይ ሳይደርስ እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ።

ከባንግላዴሽ የተሻለ ማሳያ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ1979 ዴሽ ጋርመንትስ የሚባል ድርጅት ከደቡብ ኮሪያው ዳይዉ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ 130 ገደማ ሠራተኞቹን ለሥልጠና ወደ ኮሪያዋ ቡሳን ከተማ ላከ። ወራት ተቀምጠው ስፌቱን ብቻ ሳይሆን ጥራት ቁጥጥሩንም፣ የፋብሪካ አመራሩንም፣ ገበያውንም ተምረው ተመለሱ። ዴሽ በ1980 ያመረተው 43 ሺህ ሸሚዝ ነበር፤ በ1987 2.3 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፦ ከሠለጠኑት አብዛኞቹ ዴሽን ለቀው ወይ የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ፣ ወይ ሌላ ቦታ ገብተው ያወቁትን አሳዩ። ዴሽ ሰው አጣ፣ አገሪቱ ግን ኢንዱስትሪ አገኘች። ዛሬ ከባንግላዴሽ የወጪ ንግድ ከ80 በመቶ በላዩ ልብስ ነው።

ለምን ፋብሪካ? ኢኮኖሚስቱ ኒኮላስ ካልዶር እ.ኤ.አ. በ1966 እንዳስረዳው፣ ማኑፋክቸሪንግ በሰፋ ቁጥር የራሱ ምርታማነት ያድጋል፤ ከእርሻ ትርፍ የሆነውን ጉልበት ስለሚስብም የሌላውን ዘርፍ ምርታማነት ከፍ ያደርጋል። ፀጉር አስተካካይ ደንበኛው የሰፈሩ ሰው ነው፤ ሸሚዝ ግን መርከብ ላይ ተጭኖ ሌላ አህጉር ይሸጣል። ስለዚህ ገበያው ቶሎ አይሞላም፣ እየሠሩ መማሩም ይቀጥላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢኮኖሚስቶች አገርን ከአገር ሲያወዳድሩ ሸሚዝ አይቆጥሩም። ከሽያጩ ላይ የጨርቁንና የሌላውን ግብዓት ዋጋ ይቀንሳሉ፣ የተረፈውን የተጨመረ እሴት ይሉታል፣ እሱን ለሠራተኛው ወይም ለሥራ ሰዓቱ ያካፍላሉ። ባንግላዴሽ መጀመሪያ ጨርቁን ከውጭ ስለምታስገባ ከዋጋው ብዙው ተመልሶ ይወጣ ነበር፤ የቲሸርቱን ክርና ጨርቅ እዚያው መሥራት ከጀመረች ወዲህ ነው ከእያንዳንዱ ቲሸርት የሚቀራት ዶላር ከፍ ያለው።