የቆዳ የሌዘር ሕክምና ምንድን ነው?

የቆዳ የሌዘር ሕክምና ማለት አንድ የሞገድ ርዝመት (የብርሃኑን ዓይነት የሚለየው መጠን) ያለውን የተሰበሰበ ብርሃን ቆዳ ላይ በማሳረፍ፣ የታለመውን ነገር ለይቶ ማከም ነው። ዙሪያው ያለው ጤነኛ ቆዳ በተቻለ መጠን እንዳይነካ ይደረጋል።

ይህ እንዴት ይሆናል? ብርሃን ሥራ የሚሠራው ወደ ውስጡ የሚመጥጠው ነገር ሲያገኝ ነው። ቆዳ ውስጥ ደግሞ ብርሃንን የሚመጥጡ ነገሮች አሉ፦ ደምን የሚያቀላው ሂሞግሎቢን፣ ለቆዳና ለፀጉር ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን፣ ውሃ፣ የንቅሳት ቀለም። እያንዳንዱ የሚመጠው ብርሃን ይለያያል። አብሮ የተወለደ ወይን ጠጅ መሰል ምልክት ፊቱ ላይ ያለበትን ሕፃን እንውሰድ። የሞገድ ርዝመቱ 595 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) የሆነው ብርሃን ሲያርፍበት፣ በሰፉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ሂሞግሎቢን ይመጠውና ይግላል፤ ግለቱ የሥሮቹን ግድግዳ ይጎዳል፣ ምልክቱም በተደጋጋሚ ሕክምና ይደበዝዛል። የብርሃኑ ምት እጅግ አጭር ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ጎን ሳይዛመት ያበቃል። ይህን መርሕ አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 አብራርተውታል።

ንቅሳት ላይ ምቱ ከዚያም ያጥራል፤ ቀለሙ ይሰባበርና የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይጠርጉታል። በአንድ ቀን የማይጠፋውም ለዚህ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ውሃን ስለሚያተን ለጠባሳ ያገለግላል። ለለምጽ የሚውለው 308 ናኖሜትር ግን አልትራቫዮሌት (ዓይን የማያየው ጨረር) ነው፤ ሥራው ማቃጠል ሳይሆን ቀለም ሰጪ ሕዋሳትን ማነቃቃት ነው።

ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው በተለይ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሜላኒን የሚበዛው በላይኛው ሽፋን ላይ በመሆኑ ብርሃኑን መንገድ ላይ ይመጠዋል። ውጤቱ ቃጠሎ፣ ከዚያም የጠቆረ ወይም የነጣ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለምሳሌ ፀጉር ለማስወገድ፣ ሜላኒን ብዙም የማይመጠው 1064 ናኖሜትር ይመረጣል። «ማሽኑ የትኛው ነው? እንደኔ ባለ ቆዳ ላይ ሠርተውበታል? መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ይሞክሩልኝ» ማለት መብት ነው፤ መልስ ከሌለ ተነስቶ መሄድ ይሻላል።

ማዲያት ያለበት ሰው ደግሞ ወደ ሌዘር ባይቸኩል እመርጣለሁ። ሙቀቱ ራሱ ሊያባብሰው ይችላል፣ ቢለቅም ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ የሚቀቡ መድኃኒቶችና ከፀሐይ መከላከል ይቅደሙ።

ቅርጹ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ጥቁር ነጥብ ግን የቆዳ ሐኪም ሳያየው በፍጹም በሌዘር አይነካ። ካንሰር ቢሆን ላዩ ይጠፋና ሥሩ ተደብቆ ይቀጥላል።