ቃራን ምንድን ነው? ዕቁብ እንዳትሉት ብቻ

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ሶማሌ ዲያስፖራ ሴቶች ሲያወራ "ዕቁባቸውን ሰብስበው ለተፈናቃይ ይልካሉ፣ ቃራን ይሉታል" ሲል ሰማሁ። ይሄን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። በቅንነት እንዳለው ገብቶኛል፣ ሴቶቹንም እያመሰገነ ነበር፣ ግን ቃራንን ዕቁብ ያለ ሰው ከዛ በኋላ የሚጠይቀው ሁሉ ይጣመምበታል፣ ተራው የማን ነው፣ ለሴቶቹ ምን ይመለስላቸዋል እያለ ይቀጥላል።

የሶማሌ ዕቁብ ራሱን የቻለ ስም አለው፣ አዩቶ ይባላል፣ ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፣ እርዳታ ማለት። ሀግባድም ይሉታል፣ ወደ ሀርጌሳ ደግሞ ሻሎንጎ። እሱ እንደኛው ነው፣ ያዋጣሽው ተራሽ ሲደርስ ተጠቅልሎ ይመጣልሻል። ቃራን አይመለስም። ቤት ሲቃጠል፣ ልጅ ሲታመም፣ ድርቅ ከብቱን ሲጨርስ፣ ጦርነት ሰውን ከቀዬው ሲያባርር የሚዋጣ ነው። የተምታታው ሁለቱንም የሚሰበስቡት ብዙ ጊዜ እነዛው ሴቶች ስለሆኑ ነው፣ አንዷ አዩቶ ደርሷት ከዛው ላይ ቆንጥራ ለቃራን ስትሰጥ ያየ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስሉታል።

ሚኒያፖሊስ ካርሜል ሞል ውስጥ ዲራና ጋርበሳር፣ የሶማሌ ሴቶች ቀሚስና መጎናጸፊያ፣ የምትሸጥ ሴትዮ አውቃለሁ። አንድ ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ሰባት ስምንት ሆነው ተሰበሰቡ፣ ሻይ በወተትና በሄል ተፈላ፣ አንዷ ከባይዶዋ፣ ከደቡብ ሶማሊያ ከተማ፣ የመጣ የድምጽ መልእክት በዋትስአፕ ከፈተች። መልእክቱን የላከችው ሴትዮ አታለቅስም። ስንት ልጅ ይዛ እንደመጣች፣ ከየትኛው መንደር እንደወጣች፣ እናቷ የማን ልጅ እንደሆነች ነው የምትናገረው። ይቺን ያዙልኝ፣ እናቷ የማን ልጅ እንደሆነች። ባለሱቋ አረንጓዴ የተማሪ ደብተር አወጣች፣ ሃምሳ ዶላር፣ ሃያ፣ አንዷ አስር ብቻ፣ ስሙ የሚጻፈው በቅጽል ስም ነው። አንዷ በዛ ወር ምንም አልነበራትም፣ ማንም ቀና ብሎ አላያትም፣ እሷ ራሷ ናት "በሚቀጥለው ወር እጥፍ አድርገሽ ጻፊኝ" ያለችው። በማግስቱ በሀዋላ ተላከ፣ ባይዶዋ ላይ ኢቪሲ በሚሉት የሞባይል ገንዘብ ዶላሩ ሴትየዋ ስልክ ውስጥ ገባ።

ስለዚህ ለኛ ሰው ሳስረዳ ዕቁቡን ተዉትና እድርን አስቡ እላለሁ። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ሰፈሩን ይዞራል፣ የሰማ ይመጣል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ሟቹ ለኔ ምን አድርጎልኛል የሚል የለም። ቃራንም እንደዛ ነው፣ የአባልነት መዝገብና ቋሚ ወርሃዊ ክፍያ የለውም እንጂ፣ አባል የሚያደርግሽ ዘርሽ ነው። ጡሩምባው ስልክ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው፣ ጡሩምባ ድምጹ እስከደረሰበት ድረስ ነው የሚሰማው፣ ከዛ ወዲያ ያለ ሰው ቢሞት ድንኳን አይተከልለትም፣ ሰፈሩ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ስላልሰማ።

በፈረንጆቹ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በነሱ ናቸው) ጁላይ 20 ቀን 2011 የተባበሩት መንግሥታት ደቡብ ሶማሊያ ውስጥ በደቡብ ባኮልና በታችኛው ሸበሌ ረሃብ መግባቱን አወጀ። በዛ ረሃብ ወደ 260,000 ሰው እንዳለቀ ነው በኋላ የተገመተው፣ ግማሹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕጻናት። ካለቁት ብዙዎቹ ራሃንወይን (ዲጊል ሚሪፍሌ) እና ባንቱ የሚባሉት ገበሬዎች ነበሩ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፣ አልሸባብ እርዳታ ከልክሎ ነበር፣ ዝናቡም ቀርቷል፣ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ውጭ አገር ያላቸው ዘመድ ጥቂት መሆኑ ነው። ቶሮንቶና ለንደን ዘመድ የሞላው ጎሳ ስልኩን ሲደውል እነሱ የሚደውሉለት ሰው አልነበራቸውም፣ በእግራቸው ነው ኬንያ ወዳለው ዳዳብና ኢትዮጵያ ወዳለው ዶሎ አዶ የወጡት። በኛ በኩል ኮቤና ሂላወይን የሚባሉት ካምፖች የተከፈቱት በዛው ዓመት ነው። ከዓመታት በኋላ እኔ ቆሎጂ፣ ባቢሌና ጅግጅጋ መሃል፣ ከ2017ቱ የኦሮሚያና የሶማሌ ክልል ግጭት የተፈናቀሉት ጋር ስሠራም ያንኑ ነው ያየሁት፣ ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት የላስቲክ ቤቶች አንዱ ላይ ቆርቆሮ ከተመታ ውጭ አገር እህት አለቻቸው ማለት ነው።

እዚህ ጋ ሌላኛው ተናጋሪ ይመጣል፣ "እንግዲያው የጎሳ ገንዘብ ነው፣ ቻሪቲ አይባልም" የሚለው። ይሄኛው ደግሞ ከዕቁቡ በላይ ያበሽቀኛል፣ ምክንያቱም ሴቶቹን አላያቸውም። ሶማሌ ሴት የአባቷ ጎሳ ናት፣ ብታገባም አትቀይርም፣ ልጆቿ ግን የባሏ ናቸው፣ እናቷ ደግሞ ከሌላ ልትሆን ትችላለች። ወንዱ በአንድ መስመር ሲደውል እሷ በሦስት ትደውላለች። ሒዲድ የሚል ቃል አላቸው፣ አማች ማለት ነው፣ ያው ቃል ሥር ማለትም ነው። በ2000 ጅቡቲ አርታ ላይ የሶማሊያ የሰላም ጉባኤ ሲደረግ ወንበር በአምስት የጎሳ ወገን ሲከፋፈል ሴት የሚወክል ጎሳ ስላልነበረ እነ አሻ ሀጂ ኤልሚ "ስድስተኛው ጎሳ" ብለው ገቡ። የካርሜሉ ደብተርም በትንሹ እሱ ነው። ባይዶዋ ያለችው ሴትዮ የእናቷን ስም ያስቀደመችው ለዚህ ነው፣ በአባቷ በኩል የሚሰማት ከሌለ በእናቷ በኩል አንዷ ጆሮዋ ጥልቅ ይላል።

በተረፈ ሶማሌ ሴት የሠራችውን ሁሉ ቃራን አትበሉት። የሰብዓዊ መብት ታጋይዋ ፋርቱን አደን ባሏ በ1996 ሞቃዲሾ ከተገደለ በኋላ ልጆቿን ይዛ ካናዳ ገብታ ተመልሳለች፣ ልጇ ኢልዋድ ኤልማን በ2010 ተከተለቻት፣ አብረው የተደፈሩ ሴቶችን የሚቀበል ማዕከል ከፈቱ፣ ከሚመጡት ብዙዎቹ ከተፈናቃይ ካምፕ ናቸው። ያ ድርጅት ነው፣ ሠራተኛ አለው፣ ሪፖርት አለው። ፋጡማ ጂብሪል አሜሪካ ተምራ ከባሏ ጋር በ1991 ያቋቋመችው ሆርን ሪሊፍ የሚባለው የእርዳታ ድርጅትም እንደዛው፣ ግን እሱ ከቃራን አንድ ነገር ወስዷል፣ ሁሉም ጆንያ ስንዴ በሚጭንበት ጊዜ ከ2003 ጀምሮ በሰሜን በኩል ባሉት ሶልና ሳናግ ላይ በድርቅ ለተመታው አርብቶ አደር ጥሬ ገንዘብ ሰጠ። የኔ ሙያ ካሽ፣ እርዳታን በጥሬ ገንዘብ መስጠት፣ ስለሆነ ይሄን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም።

ሙያዬን ካነሳሁ አይቀር፣ እባካችሁ ልብስ በኮንቴይነር አትላኩ፣ ወደብ ላይ የሚበላው ገንዘብ እዛው ገበያ ላይ ብዙ ቤተሰብ ያለብሳል። ደግሞ ሞቃዲሾ ካምፖች ላይ ሙኩላል መዶው፣ ጥቁር ድመት፣ የሚሏቸው በረኛ የሆኑ ሰዎች አሉ፣ መሬቱን ይዘው ተፈናቃዩ ከተሰጠው ላይ ድርሻ የሚቆርጡ፣ ለካምፑ ኃላፊ በጅምላ የተላከ ገንዘብ እነሱ ጋ ነው የሚቀረው፣ ለእናትየዋ ስልክ በቀጥታ ሲገባ ይሻላል፣ ከዛም ቢሆን ደውሎ ስንት ቀረልሽ ብሎ መጠየቅ ነው። ሴቶቹ የሚፈሩትም አለ። በ2011 ሚኒሶታ ውስጥ ሁለት ሴቶች ለድሃ ብለው የሰበሰቡት ለአልሸባብ ሄዷል ተብለው በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ፣ በዛው ዓመት መጨረሻ እዛ ለሀዋላ ድርጅቶች አካውንት የያዘ ባንክ አካውንቶቹን ዘጋ፣ ያ ሁሉ ረሃቡ ሳያልቅ ነው። ባለሱቋ እስከዛሬ የተቀባይን ሙሉ ስም ሳትይዝ አስር ዶላር አትልክም፣ ደረሰኙን ደብተሩ ላይ በስቴፕለር ትመታዋለች።

የ2022ቱ ድርቅ ጊዜ ባይዶዋ ዙሪያ የተፈናቃይ ሰፈሩ በመቶ ሲቆጠር እነዚህ ሴቶች ተከራከሩ። አንዷ ለኛ ለደወሉት እንላክ አለች፣ ባለሱቋ ደግሞ "ያልደወሉትስ?" አለች። የአንዷ ባል እህት ባይዶዋ አዋላጅ ናት፣ እሷ ጋ ደወሉና በዚህ ወር ከወለዱት ውስጥ ስልክ የሌላቸው እነማን ናቸው ብለው ጠየቋት፣ አስራ አንድ ስም ላከች። ደብተሩ ላይ አስራ አንዱ ስም ጎን፣ የሚያውቃቸው ዘመድ በሚጻፍበት ቦታ፣ የአዋላጇ ስም አስራ አንድ ጊዜ ተጽፏል።