የመጀመሪያዎቹ ገበሎ አስተኔዎች፦ ከየት መጡ? እንዴትስ ተመደቡ?

ስለ ጥንታዊ ገበሎ አስተኔዎች በአማርኛ ተጽፎ የሚገኘው በጣም ጥቂት ነው። ያለውም አብዛኛው ስለ ዳይኖሰር ነው። ዳይኖሰሮች ግን ዘግይተው የመጡ ናቸው። ከእነሱ በፊት ወደ 80 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ሌላ ታሪክ አለ፤ የእባቡም፣ የኤሊውም፣ የአዞውም፣ የእኛም የዘር ሐረግ የተለያየው እዚያ ውስጥ ነው።

መነሻው እንቁላል ነው። የእንቁራሪት እንቁላል ከውሃ ከወጣ ይደርቃል። የገበሎ አስተኔ እንቁላል ግን ሽሉን በራሱ ፈሳሽ ውስጥ የሚያቆይ አምኒዮን የተባለ ሽፋን ስላለው ደረቅ መሬት ላይ መጣል ይችላል። እናቶች የሽርት ውሃ የሚሉት ፈሳሽ ያለው በዚሁ ሽፋን ውስጥ ነው። ስለዚህ ገበሎ አስተኔ፣ ወፍና አጥቢ አንድ ላይ አምኒዮት ይባላሉ። የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ራሳቸው ተጠብቀው ስላልቆዩ ግን ተመራማሪዎች የሚፈርዱት በአጥንት ነው።

በአጥንት ማስረጃ ብዙዎች የመጀመሪያው የሚሉት ገበሎ አስተኔ ሃይሎኖመስ ነው። የተገኘው በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ፣ ጆጊንስ በሚባል ቦታ ነው። ዕድሜው ከ310 እስከ 320 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ሲያዩት ተራ እንሽላሊት ይመስላል። ጥርሶቹ ትንንሽና ሹል ናቸው፤ ነፍሳትን እየለቀመ ይኖር ነበር ተብሎ ይታመናል።

ጆጊንስ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ አይገኝም። የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ውሃ በየቀኑ ሲሞላና ሲጎድል፣ ሙላቱም በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ነውና፣ የባሕሩን ዳር ገደል እየሸረሸረ አዲስ ቅሪተ አካል ያወጣል። ገደሉ ውስጥ ድንጋይ የሆኑ ዛፎች እንደቆሙ ይታያሉ። ደኑ በደለል ተቀበረ፤ ግንዶቹ ከላይ ተሰበሩ፤ መሃላቸው በስብሶ ባዶ ሆነ፤ በኋላ አሸዋ ሞላቸው። አጥንቶቹ የተገኙት እዚያ ውስጥ ነው። በ1852 የሥነ ምድር ተመራማሪዎቹ ዊልያም ዳውሰንና ቻርልስ ላይል በአንዱ ግንድ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን አጥንቶች አገኙ። ዳውሰን በ1860 ሃይሎኖመስን ሲሰይም ሁለተኛ ስሙን (ሃይሎኖመስ ላይሊ) ለላይል መታሰቢያ አደረገው። ዳውሰን የዳርዊንን ሐሳብ እስከ መጨረሻው የተቃወመ ሰው ነበር፤ የሰበሰበው ማስረጃ ግን ዛሬ የዝግመተ ለውጥ ታሪክ አንዱ ምሰሶ ነው። እንስሳቱ ግንዱ ውስጥ ወድቀው ነው ወይስ ይኖሩበት ነበር? ከሰል የሆነ እንጨት ስለተገኘ ከእሳት ሸሽተው ይሆናል የሚሉም አሉ። ሁሉንም ግንድ በአንድ ምክንያት ማብራራት የሚቻል አይመስለኝም። ቦታው በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ የሚገባውም ነው።

ወደ አመዳደቡ እንምጣ። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 ገበሎ አስተኔዎችን ከእንቁራሪት ጋር ደባልቋቸው ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1903 ነው፤ አሜሪካዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ሄንሪ ኦስቦርን ከዓይን ኋላ ባሉት የራስ ቅል ቀዳዳዎች መመደብ ጀመረ። በኋላ ሦስት ምድብ ተለመደ። ቀዳዳ የሌለው አናፕሲድ፣ በየጎኑ አንድ ያለው ሲናፕሲድ፣ በየጎኑ ሁለት ያለው ዳያፕሲድ። እንሽላሊት፣ እባብ፣ አዞና ወፍ ዳያፕሲዶች ናቸው። እኛ ሲናፕሲዶች ነን። እያኘካችሁ ጣታችሁን ከዓይናችሁ ጎን፣ ከጆሯችሁ ከፍ ብሎ ብታሳርፉ የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ይሰማችኋል፤ ያ ጡንቻ ወደ መንጋጋ የሚወርደው በዚያችው የጥንት ክፍተት በኩል ነው።

ስለዚህ ጀርባው ላይ እንደ ሸራ የተወጠረ ነገር ያለው ዲሜትሮዶን ከዳይኖሰር መጫወቻዎች ጋር መሸጡ ስህተት ነው። ዳይኖሰር ከመምጣቱ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የጠፋ፣ ለእኛ ከእንሽላሊት ይልቅ የሚቀርብ ሲናፕሲድ ነው። ዛሬ ገበሎ አስተኔ የሚለው ምድብ ወፎችን ያስገባል፣ ዲሜትሮዶንን ያስወጣል።

የአህጉራችን ድርሻ ብዙ ጊዜ በአጭሩ ይታለፋል። ሜሶሳውረስ የተባለው ዋናተኛ ገበሎ አስተኔ በደቡባዊ አፍሪካም በብራዚልም ተገኝቷል። ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥርሶቹ ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው፤ ውቅያኖስ ሊያቋርጥ የሚችል እንስሳ አልነበረም። አህጉራቱ ድሮ አንድ ነበሩ ለሚለው ሐሳብ ከጠንካራዎቹ ማስረጃዎች አንዱ እሱ ነው። በኒጀር ሞራዲ በሚባለው የድንጋይ ንጣፍ ውስጥ ደግሞ ግዙፉ ሞራዲሳውረስና የራስ ቅሉ በጉብጉብታ የተሞላው ቡኖስቴጎስ የተባሉ ገበሎ አስተኔዎች ተገኝተዋል። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት የደረሰው ታላቁ እልቂት በዘመኑ ከነበሩት ዘሮች አብዛኛውን አጠፋ።

ኤሊ ግን እስካሁን ራስ ምታት ነው። የራስ ቅሉ ቀዳዳ ስለሌለው ለረጅም ጊዜ የአናፕሲዶች የመጨረሻ ተወካይ ይባል ነበር። የዘረመል ጥናት ከአዞና ከወፍ ጎን አስቀመጠው። የደቡብ አፍሪካው ዩኖቶሳውረስ ዕድሜው 260 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ የጎድን አጥንቶቹ በጣም ሰፋፊ ናቸው። የኤሊ ቅድመ አያት ነው የሚለውን እኔም እቀበላለሁ፣ የማይቀበሉ ተመራማሪዎች ቢኖሩም። በቻይና የተገኘውና በ2008 ይፋ የሆነው ኦዶንቶኬሊስ ደግሞ የሆዱ ልባስ የተሟላ፣ የጀርባው ያልተሟላ ነው። ይህ የሆዱ ልባስ እንደቀደመ ያሳያል።

ቀዳዳ መቁጠርም እንደ ድሮው አይታመንም፤ ቀዳዳ በተለያየ ዘር ውስጥ ለየብቻው ይከፈታል፣ ይዘጋልም። ቫራኖፒድ የተባሉት እንሽላሊት መሰል ጥንታዊ እንስሳት ከእኛ ወገን ናቸው ወይስ ከእንሽላሊት? ገና አልተቋጨም። በ2025 ደግሞ ከአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ወደ 355 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው፣ ጥፍር ያላቸው እግሮች የረገጡት ድንጋይ ይፋ ሆነ። ዱካው በእርግጥ የአምኒዮት ከሆነ መነሻቸው ከሃይሎኖመስ ቢያንስ 35 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያ ዘመን ግን የአምኒዮት አጥንት ገና አልተገኘም።