ምሥጢረ ቀንዲል ምንድን ነው?

«ቀንዲል ተቀብተዋል፤ እንግዲህ ነፍስ ይማር ከማለት በቀር ምን ይቀራል?» ሲል አንድ ሰው፣ በሕይወት ስላሉ አንድ አረጋዊ ሰሞኑን ጽፎ አነበብሁ። አባባሉ ለጆሮዬ አዲስ ቢሆን ኖሮ ባለፍሁት ነበር፤ ነገር ግን ይኸው አሳብ በየለቅሶ ቤቱና በየሕመምተኛው አልጋ ዙሪያ ሲደጋገም ኖሮ፣ ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ካህን መጥራትን ታማሚው አንደበቱ እስኪዘጋ ድረስ የሚያዘገይበት ምክንያት ሆኗል።

ቀንዲል፣ ካህናት ጸልየው ዘይት የሚቀቡበት ሥርዓት፣ ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ለማን እንደ ተሠራ ግን የዘነጋነው ይመስላል። የተሠራው ለሕመምተኛ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ (5፥14-15) የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ወደ እርሱ እንዲጠራ፣ እነርሱም በጌታ ስም ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት ያዝዛል። ጠሪው ታማሚው ራሱ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ለመጥራት ደግሞ ልቡና አንደበት ያስፈልገዋል። በማርቆስ ወንጌል (6፥13) ሐዋርያት ዘይት እየቀቡ የፈወሷቸውም ድውያን እንጂ በጣዕረ ሞት ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው አልተባለም። ለሞተ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሌላ ሥርዓት አላት፤ እርሱም ጸሎተ ፍትሐት ነው፤ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት የሚደረገው መታሰቢያም ከዚያ የሚከተል ነው። ሁለቱን ማደባለቅ በሕይወት ያለውን ሰው ከሙታን መዝገብ ማስገባት ነው።

ስሕተቱ በከፊል ከውጭ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። በምዕራቡ ዓለም ይህ ቅባት ለብዙ መቶ ዓመታት «የመጨረሻው ቅባት» ሲባል ኖሯል፤ በፊልም የምናየው፣ ቄሱ ገብቶ ሲወጣ ቤተሰቡ የሚያለቅስበት ትዕይንት የዚያ ልማድ ቅጂ ነው። ይሁን እንጂ ካቶሊካውያን ራሳቸው በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥርዓተ አምልኮን የሚመለከት ሰነድ፣ ምሥጢሩ ሊሞቱ ላሉ ብቻ አለመሆኑን አስረግጠው ጽፈዋል። እነርሱ ያረሙትን እኛ የምንይዝበት ምክንያት አይታየኝም።

ለሚጠይቁኝ ሰዎች ነገሩን በሽምግልና ምሳሌ አስረዳለሁ። ሽማግሌ የሚላከው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ ተበዳይና በዳይ ፊት ለፊት መነጋገር በሚችሉበት ጊዜ ነው። ከአንድ ሰው ይልቅ ብዙ ሰው ቢሄድ ይመረጣል፤ በሥርዓተ ቀንዲልም ቢቻል ሰባት ካህናት ይገኛሉ፣ ካልተቻለ ግን አንድ ቄስ ቢሆንም ጸሎቱ ይደርሳል። የበደለ ሰው በደሉን ሳያምን ሽምግልና እንደማይሰምር ሁሉ፣ ከቅባቱ በፊት ንስሐ ይቀድማል። ያልሰመረ ሽምግልና ሌላ ቀን ይደገማል፤ ቀንዲልም እንደ ጥምቀትና ከጥምቀት ጋር እንደሚቀባው ቅዱስ ቅባት እንደ ሜሮን አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸም አይደለም፣ ሰው ዳግመኛ ቢታመም ዳግመኛ ይቀባል። ምሳሌው የሚያልቅበት ቦታ ግን አለ። ሽማግሌ የሚለምነው የተቆጣን ሰው ነው፤ እግዚአብሔር ግን ካህናቱ እስኪያግባቡት ድረስ ፊቱን አዙሮ የሚጠብቅ አይደለም። ይህን ሳልጨምር ምሳሌውን ብተወው ከመምህራኖቼ ወቀሳ አላመልጥም።

በከተማችን በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖር አንዲት እናት ሥርዓቱ ሊፈጸም ካህናቱ መጽሐፉንና ዘይቱን ይዘው ደረጃውን ሲወጡ ያየች ጎረቤት፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ እያለቀሰች ተከትላቸው ገባች። ታማሚዋ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ ነበርና ቀና ብላ «ማን ሞተ?» ብላ ጠየቀች። ሳቁ ሳቅ ነው፤ ነገር ግን የሥርዓቱ ሰባት ጸሎትና ሰባት ምንባብ ሲደርስ ይህች ሴት በልቧ የምታስበው ፈውስን ነው ወይስ የጎረቤቷን ነጠላ?

በተቃራኒው ወገን ደግሞ «በእውነት ያመነ ከተቀባ አይሞትም» የሚሉ አሉ። እነዚህ ከፊተኛው ሰው ይልቅ ያሳዝኑኛል፤ ምክንያቱም ታማሚው ሲያርፍ ጥፋቱን በሟቹ እምነት ላይ ይጭናሉ። ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ እንጂ አልተነሣለትም (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9)። የአገልግሎት ባልደረባውን ጥሮፊሞስንም ታሞ ሳለ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል (2ኛ ጢሞ. 4፥20)፤ ጳውሎስ እምነት አነሰው የሚል ደፋር ይኖር ይሆን? አልዓዛር እንኳ ከመቃብር ከተነሣ በኋላ በጊዜው ሞቷል። የምሥጢሩ ጸጋ የነፍስን ፈውስና የኃጢአትን ሥርየት ይሰጣል፤ የሥጋ ፈውስ እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ ነው።

ቀንዲል መድኃኒትንም አያስቆምም። ንጉሥ ሕዝቅያስ በጸሎቱ 15 ዓመት ሲጨመርለት፣ ኢሳይያስ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያደርጉለት አዝዟል (ኢሳ. 38፥5፣ 21)፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጣሉ በይፋ መናገራቸው ከዚህ ትምህርት የወጣ ነበር። ክኒኑን ጥሎ ዘይት የሚቀባ ሰው የሚታዘዘው ለራሱ አሳብ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠየቅ ልጨምር። በየቤተ ክርስቲያኑ በር በትንንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ዘይት ቀንዲል አይደለም፤ ሜሮንም አይደለም። ሜሮን ከጥምቀት ጋር የተያያዘ፣ በፓትርያርክና በጳጳሳት የሚባረክ ነው። የቀንዲል ዘይት ግን ታማሚው ባለበት፣ መብራቱ እየበራ የሚጸለይበት ነው፤ ገዝተው ወደ ቤት የሚወስዱት ዕቃ አይደለም።

እንግዲህ ከቤታችሁ የታመመ ካለ፣ ሐኪሙ «ወደ ቤት ውሰዱት» እስኪል አትጠብቁ፤ የንስሐ አባቱን ገና መናገር በሚችልበት ቀን ጥሩለት። ራሱን ስቶ ከሆነ ጸሎት አይነፈገውም፤ ነገር ግን ለንስሐ አባቱ በአንደበቱ ሊናገር የሚችለውን ነገር ሌላ ሰው ሊናገርለት አይችልም።