በአጥንት የሚያሰማ የሕፃናት መስሚያ ምንድን ነው?

ሁለቱንም ጆሯችሁን በጣት ድፈኑና ቆሎ ቆርጥሙ። የውጪው ድምፅ ይደበዝዛል፤ የቆሎው ግን ጭንቅላት ውስጥ ድንጋይ የሚፈጭ ያስመስለዋል። ያ ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ አልገባም። ከጥርስ ወደ መንጋጋ፣ ከመንጋጋ ወደ ራስ ቅል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ውስጥ ጆሮ ነው የሄደው።

መሣሪያው የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ማይክሮፎኑ ድምፅ ይቀበላል፣ ወደ ንዝረት ይቀይረዋል፣ ንዝረቱን ከጆሮ ጀርባ ላለው አጥንት ያስተላልፋል። የውጪውንና የመሃሉን ጆሮ ዘሎ ውስጥ ጆሮ ይደርሳል። ተራው የጆሮ መስሚያ ድምፁን አጉልቶ በቀዳዳው ነው የሚያስገባው። ቀዳዳው ከሌለ፣ ወይም ሁልጊዜ መግል የሚወርደው ከሆነ፣ የት ይደረጋል?

አዎ፣ የጆሮ ቀዳዳ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ልጆች አሉ። አንዳንዱ ጆሮው ትንሽ ሆኖ ወይም ጭራሽ ቅርጽ ሳይዝ ይወለዳል፤ ሐኪሞች ማይክሮሺያ ይሉታል። ቀዳዳው ሳይከፈት ሲቀር ደግሞ አትሪዢያ። ሁለቱ ብዙውን ጊዜ አብረው ነው የሚመጡት፣ በአብዛኛው በአንድ ጎን ብቻ፣ ከግራም ይልቅ በቀኝ። እና ቤተሰብ የሚደነግጠው የሚታየውን አይቶ ነው። ግን የውጪውና የውስጡ ጆሮ ማሕፀን ውስጥ የሚሠሩት ለየብቻ ስለሆነ፣ ውጪው ጎድሎ ውስጡ ደህና ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጁ የመስማት አቅም አለው፤ የተዘጋው መንገዱ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም «ኦፕሬሽኑ መቼ ነው?» ነው። እኔ እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስህተት የሚመስለኝ። ከጎድን በሚወሰድ ልም አጥንት ጆሮ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ልጁ 6 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን መልክን ያስተካክላል እንጂ መስማትን አያመጣም። እስከዚያ ቋንቋ የሚለመድበት ዋናው ጊዜ ያልፋል። አሜሪካ ውስጥ ባለሙያዎች የሚመክሩት አራስ በ1 ወሩ ጆሮው እንዲፈተሽ፣ በ3 ወሩ ችግሩ ተለይቶ እንዲታወቅ፣ በ6 ወሩ ደግሞ እርዳታ እንዲጀመርለት ነው። በእኛ ቤት ግን «አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» ሲባል ሁለት ዓመት ሄዷል።

ችግሩ በሁለቱም ጆሮ ከሆነ የመስማት ኪሳራው 60 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራው ወሬም በግምት እዚያው ልክ ነው፤ እናቱ አጠገቡ ሆና ብታወራው ራሱ ለልጁ የሚደርሰው ኢምንት ነው ማለት ነው። በአንድ ጎን ብቻ ሲሆን ሐኪሞችም ሐሳባቸው አንድ አይደለም። አንዳንዶች ቶሎ ይጀመር ይላሉ፣ ሌሎች ደህናውን ጆሮ እየተከታተሉ ይጠብቃሉ።

ተጠቃሚዎቹ እነዚህ ብቻ አይደሉም። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው፣ ላንቃቸው የተሰነጠቀ፣ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ እየተጠራቀመ የሚያስቸግራቸው ልጆችም አሉ። ውስጥ ጆሮው ራሱ ክፉኛ ከተጎዳ ግን አጥንት ማንዘር ብዙ አይጠቅምም፤ ሌላ ዓይነት መስሚያ ወይም የኮክሊያ ተከላ (ውስጥ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ነርቩን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ መሣሪያ) ነው የሚታሰበው። ይህን የሚለየው ምርመራ ነው። ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ ጭንቅላቱ ላይ ትንንሽ ኤሌክትሮዶች ተለጥፈው የነርቩ ምላሽ ይለካል። በጆሮ በኩልም በአጥንት በኩልም ካልተለካ ምርመራው ግማሽ ነው፤ ጠይቁ።

ለሕፃን የሚሰጠው ያለ ምንም ቀዶ ሕክምና ነው። ሶፍትባንድ ይባላል፦ ለስላሳ፣ ላስቲክነት ያለው የጭንቅላት ማሰሪያ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ፕላስቲክ፣ ፕላስቲኳ ላይ ቀጭ ብላ የምትገባ መሣሪያ። ባሃ እና ፖንቶ የሚባሉት መሣሪያዎች በዚህ መንገድ ይታሰራሉ። አድሂር የሚባለው ደግሞ ከጆሮ ጀርባ በማጣበቂያ ይለጠፋል። የሶፍትባንዱ ፕላስቲክ ቆዳው ላይ ልጥፍ ማለት አለባት፣ ማሰሪያው ሥር ግን ጣት መግባት አለበት። ስትፈቱት ቆዳውን እዩ፤ ቅላቱ ቶሎ ካልጠፋ ጠብቋል። የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ ድምፁ እንደ አዋቂ በቀላሉ ወደ ሌላው ጎን አይሻገርም፣ ስለዚህ የትኛው ጎን ላይ እንደሚቀመጥ ከኦዲዮሎጂስቱ (ከመስማት ባለሙያው) ጋር ተነጋገሩ።

አንቀልባ ለምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ነገር፦ መሣሪያዋ ጀርባችሁን ወይም ነጠላውን ስትነካ ታፏጫለች። ትራስ ላይም፣ መኪና ወንበር ላይም እንደዚያው። አልተበላሸችም። ወደ ሌላው ጎን ወይም ወደ ግንባር ዞር ማድረግ ነው።

ከጆሮ ጀርባ አጥንቱ ላይ ብሎን ተተክሎ መሣሪያው እሱ ላይ የሚገጠምበት ዓይነትም አለ። ስዊድን ጎተንበርግ ውስጥ በ1977 እ.ኤ.አ. ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ለታካሚዎች የተተከለው፣ ከታይታኒየም የተሠራ። አሜሪካ ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልተፈቀደም፤ አጥንቱ ገና ስስ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ልጁ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» (ለትንንሽ ልጆች ቶሎ እርዳታ መስጫ) በሚባለው ፕሮግራም በነፃ እንዲገመገም ራሳችሁ ማመልከት ትችላላችሁ፤ የሐኪም ወረቀት እስኪመጣ አትጠብቁ።

ባትሪውን በተመለከተ፣ ክዳኑ የሚቆለፍ እንዲሆን ጠይቁ፤ ዳዴ የሚል ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው። የዋጠ ከመሰላችሁ ምልክት እስኪያሳይ ሳትጠብቁ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።