የጉዞ ማራቶን ምንድን ነው? ለመጀመሪያው 42 ኪሎ ሜትርስ የትኛው ይመረጣል?

የጉዞ ማራቶን የሚባለው ሯጩ ከሚኖርበት ከተማ ወጥቶ፣ ብዙ ጊዜም ድንበር ተሻግሮ የሚሮጠው 42.195 ኪሎ ሜትር ነው። ጉዞው የሚታቀደው በውድድሩ ቀን ዙሪያ ነው፤ ከተማ ማየቱና ዘመድ መጠየቁ ከዚያ ወዲህ ይመጣል። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ነገሩ ከምርጫ ይልቅ ወደ ግዴታ ያደላል። ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕዝብ የሚጎርፍበት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ብዙ ሺህ ተራ ሯጭ የሚሰለፍበት፣ ጎዳናው ለሰዓታት የሚዘጋለት ሙሉ ማራቶን ግን በአብዛኛው ውጭ አገር ነው ያለው።

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከስም ነው። በርሊን ሲባል ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 2:03:59 የገባበት፣ ትዕግሥት አሰፋ በ2023 2:11:53 የሮጠችበት ጎዳና ትዝ ይላል። ስሙ መሳቡ አያስገርምም። ነገር ግን ማራቶኑን ለመጨረስ አምስት ሰዓት ለሚፈጅበት ሯጭ ከከተማው በፊት የሚመረጠው ወሩ ነው፤ ማራቶን የሚበላሸው በውድድሩ ቀን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት ወራትም ነውና።

ወሩን ወደ ኋላ መቁጠር

10 ኪሎ ሜትር ሳይቸገር የሚጨርስ ሰው ለመጀመሪያ ማራቶኑ ከ16 እስከ 20 ሳምንት ልምምድ ያስፈልገዋል። ረጅሙ ሩጫ፣ 30 ወይም 32 ኪሎ ሜትር፣ ከውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ይሮጣል፤ ከዚያ በኋላ እግር እንዲያርፍ መጠኑ ይቀንሳል። እንግዲህ ከባዱ ጊዜ ውድድሩ ዐሥር ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ ሦስት ሳምንት እስኪቀረው ያለው ነው። ካላንደር ላይ መፈለግ ያለበት እነዚህ ሰባት ሳምንታት የት እንደሚወድቁ ነው።

የበርሊን ማራቶን ብዙውን ጊዜ የሚሮጠው በሴፕቴምበር የመጨረሻ እሑድ ነው። ሰባቱ ሳምንታት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወድቃሉ፤ አዲስ አበባ ክረምት፣ የእንጦጦ ጫካ ጭቃ፣ ማለዳው ዝናብ። ለሚጾም ሰው ፍልሰታም እዚያው ውስጥ ነው። ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ኩዌት ለሚኖር ደግሞ ያው ወቅት ከቤት ውጭ 25 ኪሎ ሜትር የማይታሰብበት ሐሩር ነው። ጠፍጣፋ የተባለለት ውድድር በዚህ መንገድ ለሁለቱም አቀበት ይሆናል።

ቫሌንሲያን እንይ። የሚሮጠው በዲሴምበር የመጀመሪያ እሑድ ነው። ከባዶቹ ሳምንታት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ይዘልቃሉ፤ ዝናቡ ያባራበት፣ ማለዳው ቀዝቃዛና ደረቅ የሆነበት ወቅት። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ስለሆነ፣ ጾሙ ሲጀመር ዋናው ልምምድ አልቋል። ጎዳናው ሜዳማ ነው፤ አማኔ በሪሶ በ2022 2:14:58፣ ሲሳይ ለማ በ2023 2:01:48 ሮጠው ያሸነፉት እዚያ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚዘጋጅ የመጀመሪያ ጊዜ ሯጭ ከዚህ የተሻለ ወር ማግኘት ይከብዳል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖር ሰው የፈረንጆቹ ዓመት ሲጀምር የሚሮጠው የዱባይ ማራቶን ይመቻል፤ ልምምዱ ሙቀቱ በረድ ካለ በኋላ ይውላል። ኃይሌ ከ2008 እስከ 2010 በተከታታይ ሦስት ጊዜ ያሸነፈበት ጎዳና ነው፤ ሜዳ ነው፣ በማለዳም ይጀመራል።

የኤፕሪል ውድድሮች፣ ለንደን፣ ሮተርዳም፣ ቦስተን፣ ከዐቢይ ጾም ጋር ይጋጫሉ። በ2027 ፋሲካ ሜይ 2 ስለሚውል የዚያ ዓመት የኤፕሪል ማራቶኖች በሙሉ ጾሙ ውስጥ ናቸው። የጾም ምግብ በራሱ ችግር የለበትም፤ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንችና በሶ ለሯጭ የሚያስፈልገውን ካርቦሃይድሬት ይሰጣሉ። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ንጋት ላይ 28 ኪሎ ሜትር ሮጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት የጡንቻን ማገገም ያዘገያል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ከተደጋገመ ባትና ጉልበት ላይ ጉዳት ሊጀምር ይችላል። መጾሙ የማይቀር ከሆነ ረጅሙን ሩጫ ወደ ከሰዓት አዙሮ መብያው ሰዓት ሲደርስ እንዲያልቅ ማድረግ ይቻላል፤ ካልሆነ ሌላ ወር መምረጥ ነው። በረመዳንም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የ2027 ረመዳን ፌብሩዋሪን ከሞላ ጎደል ስለሚይዝ፣ በማርች መጀመሪያ ለሚሮጠው የቶኪዮ ማራቶን የሚዘጋጅ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስላ።

ዕጣና ቪዛ

ታዋቂዎቹ ማራቶኖች ቁጥር (ሯጩ ደረቱ ላይ የሚለጥፈውን የተሳትፎ ቁጥር) የሚሰጡት በአብዛኛው በዕጣ ነው። ለ2026ቱ የለንደን ማራቶን ዕጣ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው አመልክቷል። ቦስተን ደግሞ በሌላ ማራቶን የተሮጠ ማጣሪያ ሰዓት ስለሚጠይቅ፣ በበጎ አድራጎት በኩል ካልተገባ በቀር የመጀመሪያ ማራቶን ሊሆን አይችልም። ዕጣ ውስጥ መግባት ክፋት የለውም፤ የአንድ ዓመት ልምምድን ግን ዕጣ ላይ ማንጠልጠል አይገባም። በአንድ እጅ ዕጣ፣ በሌላው በቀጥታ የሚመዘገቡበት መካከለኛ ውድድር መያዝ ይሻላል።

ቁጥር ማግኘት ቪዛ ማግኘት አይደለም። ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ሰው ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። የሼንገን (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛው የመልስ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ቀጠሮ መጠበቁ ሲጨመርበት ከውድድሩ አራት ወር በፊት ያልተጀመረ ሂደት ለጭንቀት ይዳርጋል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ዋስትናም ይጠየቃል። አብዛኞቹ ውድድሮች ቪዛ ተከለከልኩ ብሎ ለሚጠይቅ ገንዘብ አይመልሱም፤ ስለዚህ ሲመዘገቡ ወደሚቀጥለው ዓመት የማስተላለፍ ወይም የመሰረዝ አማራጭ መኖሩን በደንቡ ላይ ማንበብ፣ ሆቴልም ያለ ቅጣት የሚሰረዘውን መያዝ ነው።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። የምዝገባ ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፋል። ቁጥሩ የሚሰጠው መታወቂያ ታይቶ ስለሆነ ፊደሉም አቀማመጡም እንደ ፓስፖርቱ ይሁን። የልደት ቀንም እንደዚያው፤ በእኛ አቆጣጠር የገባ ዓመት ሯጩን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አስረጅቶ ሌላ የዕድሜ ምድብ ውስጥ ይከተዋል።

ጎዳናው እና የጊዜ ገደቡ

ቁልቁለት ያለው ጎዳና ቀላል ይመስላል። ቦስተን ከሆፕኪንተን ተነሥቶ መሐል ከተማ ሲደርስ ወደ 140 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በዚህ የተነሣ የዓለም ክብረ ወሰን አይመዘገብበትም። ያ ቁልቁለት ግን በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች የፊት ጭንን ይሰብርና ከ25ኛው በኋላ ኒውተን ላይ ለሚመጡት አቀበቶች እግር ያሳጣል። ኒው ዮርክ የሚጀምረው ድልድይ በመውጣት ነው፤ ሌሎች ድልድዮችም አሉት፤ መነሻው ስታተን ደሴት ስለሆነ ሯጩ በሌሊት ተነሥቶ ብርድ ላይ ለሰዓታት ይጠብቃል። እስራኤል ውስጥ ለሚኖር ሯጭ የኢየሩሳሌም ማራቶን ትርጉሙ ትልቅ ቢሆንም ዳገት በዳገት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ከባሕር ጠለል በታች 200 ሜትር ገደማ ላይ፣ በገሊላ ሐይቅ ዳር የሚሮጠው የጥብርያዶስ ማራቶን ይሻላል።

የጊዜ ገደብን በኪሎ ሜትር አካፍሎ ማየት ያስፈልጋል። ስድስት ሰዓት ማለት በኪሎ ሜትር 8:32 ነው፤ በርሊን የሚሰጠው 6:15 ደግሞ 8:53። ሽንት ቤትና ውኃ የሚወስዱት ደቂቃ ከዚሁ ይቀነሳል። የራስን ሰዓት ለመገመት የቅርብ ጊዜ ግማሽ ማራቶንን በሁለት አባዝቶ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ መጨመር ነው፤ ግማሹን በ2:30 የሚሮጥ ሰው 5:15 እስከ 5:25 ይጠብቅ። ገደቡ የሚቆጠረው መጨረሻ ላይ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተኑ የባሕር ኃይል ወታደሮች ማራቶን 32ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለውን ድልድይ በሰዓቱ ያልደረሰ ሰው ከጎዳናው ይወጣል፤ የሚጠበቀው ፍጥነት በማይል 14 ደቂቃ፣ በኪሎ ሜትር 8:42 ገደማ ነው። እንዲያም ሆኖ የገንዘብ ሽልማት የሌለው፣ ለተራ ሯጭ የተሠራ ውድድር ስለሆነ ከዳላስ፣ ከሲያትል ወይም ከሚኒሶታ ለሚመጣ ሐበሻ ጥሩ ምርጫ ነው። ዋሽንግተን ዘመድ የሌለው የለማ!

ከደጋ ወደ ቆላ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የተለማመደ ሰው ቫሌንሲያ ሲወርድ አየሩ ይበዛለታል፤ ትንፋሹ ሳይጨነቅ እግሩ ይሮጣል። ስህተቱ የሚሠራውም እዚህ ነው። በኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ ያቀደው የመጀመሪያዎቹን አምስት በ6:20 ይሄድና 30ኛው ላይ ጉልበቱ ተሟጦ በእግሩ ይራመዳል። የመጀመሪያዎቹን 10 ኪሎ ሜትሮች ትንፋሽ ሳይሆን ሰዓት ይምራቸው። ሁለተኛው ችግር አስፋልት ነው፤ እንጦጦ ላይ በለስላሳ አፈር ብቻ የሮጠ እግር ለ42 ኪሎ ሜትር አስፋልት አልተዘጋጀም። ከሦስት ረጅም ሩጫ አንዱ፣ በሚወዳደሩበት ጫማ፣ አስፋልት ላይ ይሁን።

ሙቀት ከፊት ካሉት ይልቅ ከኋላ ያሉትን ይጎዳል። በኦክቶበር 2007 የቺካጎ ማራቶን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ አልፎ በመካከል ተቋርጧል፤ ፈጣኖቹ ገብተው ነበር፣ የቆሙት ቀስ ብለው የሚሮጡት ናቸው። ስለዚህ የአየሩን ሁኔታ ሲያዩ የመነሻውን ሳይሆን እርስዎ 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የሚሆኑበትን ሰዓት ይመልከቱ።

ሰዓትን ካነሣን፣ ማረጋገጫው ላይ 9:15 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ ነው። በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ በሚሮጠው ፍራንክፈርትና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ በሚሮጠው ኒው ዮርክ፣ ሰዓት በአንድ የሚቀነሰው በዚያው ሌሊት ነው። የስልክ ሰዓት በራሱ ይስተካከላል፤ ተራ የእጅ ሰዓት ግን አይስተካከልም።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት

ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በውድድሩ ማለዳ አይሰጥም፤ በግንባር ቀርቦ እስከ ዋዜማው ድረስ መውሰድ ነው። ስለዚህ ለእሑድ ሩጫ ከዐርብ ዘግይቶ መድረስ አደጋ አለው። የአንድ ሰዓት ልዩነት ላላት በርሊን ሐሙስ መድረስ ይበቃል፤ የስምንት ሰዓት ልዩነት ላላት ኒው ዮርክ ግን አንድ ሳምንት ይሻላል። ጫማ፣ ካልሲ፣ የመሮጫ ልብስና ጄል (በሩጫው ላይ የሚዋጥ የካርቦሃይድሬት ምግብ) ሻንጣ ውስጥ ገብተው አይጫኑ፤ በእጅ ይያዙ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ቅቤና ቋንጣ ማስገባት ክልክል ስለሆነ በሶውም ቅቤ ያልነካው ይሁን።

ዘመድ ቤት ማረፍ የሆቴል ወጪ ያስቀራል። ክትፎው፣ ሦስተኛው ቡናና እኩለ ሌሊት ድረስ የሚዘልቀው ጨዋታ ግን ከዚያው ጋር ይመጣል፤ «ሳትበላማ አትተኛም» የሚሉ አክስትን እምቢ ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። መፍትሔው ሳይመጡ ደውሎ መንገር ነው፦ እስከ እሑድ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦና ድንች፤ ክትፎው ለሰኞ። በሁለቱ የመጨረሻ ቀናት ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ8 እስከ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን ከ480 እስከ 600 ግራም መሆኑ ነው። ዋዜማውን ሽሮና በርበሬ የበዛበት ወጥ ይቅር፤ ሆድ ይነፋል፣ በማግስቱም ከሽንት ቤት ሽንት ቤት ያሯሩጣል። ሩጫው ላይ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም፣ ማለትም ከአንድ እስከ ሁለት ጄል ተኩል ገደማ፣ በልምምድ ከተሞከረው ዓይነት ብቻ።

ከተማ ማየቱን ከሩጫው በኋላ ማድረግ ነው። ቅዳሜ ሙዚየም ለሙዚየም 15 ኪሎ ሜትር የተራመደ እግር እሑድ ያንን ያስከፍላል። የመልሱን በረራ በዚያው ምሽት አለመቁረጥ ነው፤ ውኃ ያነሰው፣ እግሩ ያበጠ ሰው ለሰዓታት ታጥፎ ሲቀመጥ የደም መርጋት አደጋው ይጨምራል። ማክሰኞ መብረር የተሻለ ነው፤ ወንበሩም ወደ መተላለፊያው ያለው ይሁን፣ በየሰዓቱ ለመነሣት ሰው ማስቸገር እንዳይመጣ።