«ሶላር አያበስልም»፦ ከፓነል በቀጥታ ስለ ማብሰል የሚነገሩ ስሕተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የሶላር ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ጥቂት የቆመ ሰው፣ በፀሐይ ኤሌክትሪክ ስለ ማብሰል በእርግጠኝነት የሚናገሩ ሁለት ወገኖችን ይሰማል። አንደኛው ወገን «ፓነል ካለህ ስቶቭህን መሰካት ብቻ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «ሶላር አምፖል ከማብራትና ስልክ ቻርጅ ከማድረግ አያልፍም» ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ይበልጥ የሚያናድደው ግን የሁለተኛው ወገን ተስፋ መቁረጥ አብዛኛውን ጊዜ የአንደኛውን ምክር ሰምቶ ገንዘቡን ካወጣ በኋላ የመጣ መሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ በመጠገን የምተዳደር ስለሆንሁ የዚህ ምክር ውጤት በመጨረሻ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።

በቅድሚያ የምንነጋገርበት ነገር ይለይ። በመስተዋት ብርሃን እያንጸባረቀ ድስት የሚያሞቀው የፀሐይ ምድጃ ሌላ ነው፤ እሱን አሁን አላነሣም። እዚህ የምለው፣ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፓነል በመካከል ባትሪም ኢንቨርተርም (የባትሪን ኤሌክትሪክ ወደ 220 ቮልት የሚለውጠው መሣሪያ) ሳይኖር በገመድ በቀጥታ ከማሞቂያ ሽቦ ጋር ተገናኝቶ፣ ሙቀት እንዳይወጣ ዙሪያው በተሸፈነ ድስት ውስጥ ምግብ የሚያበስልበትን መንገድ ነው። በካሊፎርኒያ ፖሊቴክኒክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የሆኑት ፒት ሽዋርዝና ተማሪዎቻቸው 100 ዋት ገደማ በሆነ አንድ ፓነል ሲሠሩበት የቆዩት ይኸው ዘዴ ነው። አዲስ ጥበብ የለበትም፤ የሚጠይቀው ስሌት ነው።

«የቤቱን ስቶቭ ከፓነሉ ጋር ማገናኘት ይበቃል።»

አይበቃም፤ ከስሕተቶቹ ሁሉ ብዙ ሰው ያከሰረው ይህ ነው። ስቶቩ ላይ «1000 ዋት» ተብሎ የተጻፈው ስቶቩ በራሱ የያዘው ኃይል አይደለም፤ 220 ቮልት ሲያገኝ የሚስበውን ኃይል ነው የሚናገረው። እንዲህ ያለ ስቶቭ ሽቦው 48 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። በተለምዶ «ባለ 12 ቮልት» የሚባለው 36 ሴል ያለው 100 ዋት ፓነል ደግሞ ምንም ሳይሰካበት 21 ወይም 22 ቮልት ያሳያል፤ ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው 18 ቮልት ገደማ ላይ 5.5 አምፔር ሲሳብበት ነው። 48 ኦም ባለው ሽቦ ውስጥ 21 ቮልት ቢያልፍ የሚፈሰው ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም፤ የሚገኘውም ሙቀት 9 ዋት ብቻ ነው። በዚህ ውኃ ለብ ማለትም ይቸግረዋል።

ባለፈው በጋ ከዘጌ በኩል በጀልባ የመጡ አንድ የቡና ገበሬ አባት ፓነላቸውንና ስቶቫቸውን ይዘው ሱቄ ገቡ። ፓነሉ ፎርጅድ ነው ብለው ከሸጠላቸው ነጋዴ ጋር ተጣልተው ነበር። እኩለ ቀን ላይ ከደጃፌ ዘርግተን በቴስተር ስንለካው ፓነሉ 21 ቮልት ሰጠ፤ ስቶቩ ከተገናኘም በኋላ ቮልቱ ከነበረበት እምብዛም አልወረደም፤ አምፔሩ ግን 0.43 ነበር። ፓነሉ ጤነኛ ነው፤ ስቶቩም ጤነኛ ነው፤ እርስ በርስ ግን አይመጣጠኑም። ነጋዴው አላጭበረበረም፤ ሲሸጥ ግን ለምን እንደሚፈለግ አልጠየቀም።

መፍትሔው ሽቦውን ለፓነሉ ልክ መቁረጥ ነው። 18 ቮልትን ለ5.5 አምፔር ስናካፍል 3.3 ኦም እናገኛለን፤ ይህም ከ1000 ዋቱ ስቶቭ ሽቦ አንድ አሥራ አምስተኛው ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ሌላ ስሕተት ይሠራል፤ ያችን አጭር ቁራጭ ብቻዋን ይሰካታል። ሽቦው በ220 ቮልት ሲሠራ የሚሸከመው 4.5 አምፔር ስለነበረ በ5.5 አምፔር ከተለመደው በላይ ይግላል፤ ብዙም ሳይቆይ ይበጠሳል። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዳቸው የሽቦውን ሁለት አሥራ አምስተኛ የሚያህሉ ሁለት ቁራጮችን ጎን ለጎን ማሰር ነው። ያን ጊዜ ጠቅላላው ተቃውሞ ያው ሆኖ ይገኛል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ የሚያልፈው አምፔር ግን በግማሽ ስለሚቀንስ ሽቦው ሳይቀላ ለዓመታት ይሠራል። ጫፉን ከመዳብ ገመድ ጋር በቆርቆሮ ብየዳ ማያያዝ አይገባም፤ የተለመደው ብየዳ 183 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ የመጀመሪያው ወጥ ሳይደርስ ይለቃል። በብሎን ይታሰር።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። የብርሃኑ መጠን በግማሽ ሲቀንስ የፓነሉ አምፔር በግማሽ ይቀንሳል፤ ሽቦው ግን ያው 3.3 ኦም ስለሆነ ቮልቱም አብሮ ይወርዳል። ፓነሉ 50 ዋት ያህል መስጠት እየቻለ እኛ የምናገኘው 25 ዋት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ እኔ ሆን ብዬ ተቃውሞውን ወደ 4 ኦም ከፍ አደርገዋለሁ፤ በእኩለ ቀን የሚጎድለው ጥቂት ነው፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የሚገኘው ግን ይበልጣል። በሽቦ ፈንታ ዳዮዶችን (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ትንንሽ ዕቃዎችን) በተከታታይ አስረው የሚያሞቁም አሉ፤ የዳዮድ ቮልት ከአምፔሩ ጋር እምብዛም ስለማይዋዥቅ በቀጭን ፀሐይ ከሽቦ ይሻላል። ከመጠን በላይ ሲሞቅ ግን ስለሚበላሽ ድስቱ ደርቆ እንዲቀር መተው አይቻልም።

«100 ዋት ምን ያበስላል?»

አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት 86 ዋት ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓነሉ ሲግል ስለሚደክም 100 ዋት የተባለው በተግባር 75 ዋት ቢሰጥ፣ ሙቀት እስካልባከነ ድረስ ውኃው ከአንድ ሰዓት ከሩብ ባነሰ ጊዜ ይፈላል። የነገሩ ቁልፍ «ሙቀት እስካልባከነ» የሚለው ነው። ዙሪያው ሳይሸፈን የተጣደና ክዳን የሌለው ድስት ወደ መፍላት ሲቃረብ ከሽቦው የሚቀበለውን ያህል ሙቀት ለአየር መልሶ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቢጠበቅ አይፈላም። ሰዎች «ሞክሬው አልሠራም» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የፓነሉን ዋት ሳይሆን ድስቱ በምን እንደተሸፈነ ነው።

ለዚህ ደግሞ ከእኛ አካባቢ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ፎገራ የሩዝ አገር ነው፤ ከሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ የሚወጣው ገለፈት ሙቀት በመያዝ እጅግ ጥሩ ነው። ድስቱን በሁሉም በኩል 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ደረቅ ገለፈት ቢከቡት የሚያመልጠው ሙቀት ወደ 10 ዋት ይወርዳል። ገለፈቱ ግን ሽቦውን መንካት የለበትም፤ ነበልባል ሳያወጣ ውስጥ ውስጡን ሊጨስ ይችላልና። ሽቦው ቦይ በተቦረቦረለት ሸክላ ላይ ይቀመጥ፤ በሸክላው ሥርና ጎን አመድ ይሞላ፤ ገለፈቱ ከዚያ ውጭ ይሁን። አንዲት ደንበኛዬ የፍራሽ ስፖንጅ ተጠቅመው ስፖንጁ ቀልጦ ድስቱ ላይ ተጣብቋል፤ ሽታውም ወጡ ውስጥ ገብቶ ሁሉም ተደፍቷል። ነጩ የማሸጊያ ፎምም ከዚህ አይሻልም።

በዚህ መልክ በተሠራ ምድጃ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተጣደ፣ ለአራት ሰው የሚበቃ የምስር ወጥ ከ6 ሰዓት በኋላ ይደርሳል። ድንች፣ ሽሮ፣ የቆሮሶ ዓሣ ሾርባ እንዲሁ ይሆናሉ። ሽንኩርት ማቁላላት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብዙ ሽንኩርት በአንድ ጊዜ መጨመር አይገባም። ቀይ ቦሎቄ ግን የተለየ ጥንቃቄ አለው፦ ሳይፈላ በ80 ዲግሪ ብቻ ሲሞቅ የዋለ ቦሎቄ በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር ስለማይጠፋ ያስመልሳል፤ ያስቀምጣል። አስቀድሞ ተዘፍዝፎ ውኃው ተደፍቶ፣ ከዚያም በአዲስ ውኃ በደንብ እየተንተከተከ ግማሽ ሰዓት ይፍላ።

«ያለ ባትሪ አይሆንም።»

ይህን የሚሉት አብዛኞቹ ባትሪ የሚሸጡ ናቸው። 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የአሲድ ባትሪ በስም 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ከዚህ ግማሹን ብቻ መጠቀም ይገባል። በኢንቨርተር በኩል 1000 ዋት ስቶቭ ቢሰካበት ከባትሪው ከ90 አምፔር በላይ ይሳባል፤ ግማሽ ሰዓት አልፎ ጥቂት ሲቆይ የተፈቀደው ያልቃል፤ ባትሪውም በዚህ አያያዝ ብዙ አይከርምም። ለማብሰል የሚያስፈልገን የተጠራቀመ ሙቀት ነው፤ ሙቀት ደግሞ በድስቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ከላይ የጠቀስሁት ባለ ገለፈት ድስት 9 ሰዓት ላይ ከፓነሉ ተነቅሎ ሳይከፈት ቢቆይ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ወጡ ገና እጅ ያቃጥላል። ማሳደር ግን አይገባም፤ ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ ለብ እንዳለ ያደረ ምግብ ይበላሻል።

«ፀሐይ በከረረ ቁጥር ፓነሉ ይበረታል።» ብርሃኑ ሲበረታ እንጂ ሙቀቱ ሲበረታ አይደለም፤ ፓነሉ ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በየዲግሪው ከኃይሉ 0.4 በመቶ ያህል ያጣል። ቆርቆሮ ላይ ሳይለጠፍ የሐይቁ ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ ክፍተት ይተውለት።

«ትንሽ ጥላ ምን ታደርጋለች?» ሴሎቹ በተከታታይ ስለተሳሰሩ በአንዱ ላይ ያረፈ ጥላ የፓነሉን ግማሽ ኃይል ሊወስድ ይችላል። ባሕር ዳር በዘንባባዎቿ መኩራቷ ተገቢ ነው፤ ፓነል ግን ከዘንባባ ሥር አይተከልም።

«ፓነሉ በጣም መዘንበል አለበት።» ይህ ከሩቅ ሰሜን አገሮች ሥዕል የተቀዳ ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ በእኩለ ቀን አናት ላይ ትሆናለች፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ወደ ደቡብ 10 ወይም 15 ዲግሪ ዘንበል ማለቱ አቧራው በዝናብ እንዲታጠብም ይበቃል። በክረምት ደመናው ሲወፍር ይህ ምድጃ የከሰልና የማገዶ ረዳት እንጂ ምትክ አይሆንም፤ ዓመቱን ሙሉ ያበስላል ብሎ የሚሸጥ ሰው ካለ አይመኑት።

«ገመድ ገመድ ነው።» አይደለም። ፓነሉ ጣሪያ ላይ፣ ድስቱ 10 ሜትር ርቆ ወጥ ቤት ውስጥ ከሆነ፣ በቀጭኑ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የአምፖል ገመድ ከ100 ዋቱ 14 ዋት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ የሚጠፋው 3 ዋት እንኳ አይሞላም።

«እንጀራስ?»

ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የዋልሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይፈልጋል፤ በአንድ ባለ 100 ዋት ፓነል ላይ ቢሰካ የሚያገኘው 30 ዋት ገደማ ነው። በእርግጥ አሥራ ሁለት ፓነሎች በተከታታይ ቢታሰሩ 216 ቮልት ይሰጣሉ፤ እንዲህ ያለ አራት ረድፍ፣ በድምሩ 48 ፓነል ቢሰበሰብ ምጣዱ በጠራ ቀን ይሠራል። ከአንድ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። አደጋም አለበት፤ ወደ መጨረሻው ስሕተት የሚወስደንም ይኸው ነው።

«የሶላር ኤሌክትሪክ ሰው አይዝም።»

የአንድ ፓነል 20 ቮልት በደረቅ እጅ ሲነካ አይዝም፤ እውነት ነው። በተከታታይ የታሰሩ ፓነሎች ግን ይገድላሉ። በአንድ ፓነልም ቢሆን አደጋው ከማብሪያ ማጥፊያው ላይ ይመጣል። የመብራት ኃይል መስመር በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ማጥፊያው ሲከፈት ብልጭታው ወዲያው ይጠፋል፤ የፓነሉ ግን ያለ ማቋረጥ ስለሚፈስ ብልጭታው ጸንቶ ይቆያል። ሽምብጥ አካባቢ አንድ ቤት ለግድግዳ የተሠራ ተራ ማጥፊያ ሦስት ፓነል በተከታታይ በታሰረበት መስመር ላይ ተገጥሞ ውስጡ ከስሎ፣ ጥርሶቹ ተጣብቀው አግኝቼዋለሁ፤ ባለቤቱ አጠፋሁት ብሎ ሲሄድ ምድጃው ሲግል ውሏል። ለኤሲ፣ ማለትም ለመብራት ኃይሉ ዓይነት ኤሌክትሪክ፣ የተሠራ የሙቀት መቆጣጠሪያም እንዲሁ ይጣበቃል። ለዲሲ፣ ማለትም እንደ ፓነሉ ያለ ማቋረጥ ለሚፈሰው ኤሌክትሪክ፣ የተሠራና ቮልቱ የተጻፈበት ብሬከር ይግዙ። እሱ እስኪገኝ ድረስ፣ ፓነል ብርሃን እስካየ ድረስ ስለማይጠፋ፣ በመጀመሪያ ፓነሉን በወፍራም ጋቢ ወይም በካርቶን ሙሉ በሙሉ ይሸፍኑ፤ ቀጥሎ ቮልቱ መውረዱን በቴስተር ያረጋግጡ፤ ገመዱን የሚነቅሉት ከዚያ በኋላ ነው።